ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ

የመስማት ችግር ቀድሞ የሚሰማው ለጎረቤት ነው። ኮንዶሚኒየም ከሆነ ደግሞ ለላዩም፣ ለታቹም፣ ለጎኑም እኩል ይዳረሳል። የሁለት ሰዓቱ ዜና ሲጀምር አራተኛ ፎቅ ያለው ሰው የራሱን ቴሌቪዥን መክፈት አያስፈልገውም፤ ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ጡረተኛ መምህር ለሕንፃው በሙሉ ከፍተውለታል። ከጎረቤት ቀጥሎ ሚስት ትሰማለች፤ ከሚስት ልጆች፣ ከልጆች የልጅ ልጆች፣ ከእነሱም የዕድሩ ሊቀመንበር። ዓመታት ካለፉ በኋላ ወሬው ዞሮ ዞሮ መምህሩ ዘንድ ይደርሳል፤ እሳቸውም አያምኑትም። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» የሚለው ተረት ስለ ሐሜት የተተረተ ነው ይባላል። የአንገት በላይ ሐኪሞች ግን በየቀኑ ቢተርቱት አይፈረድባቸውም።

መምህሩ ስም አያስፈልጋቸውም፤ በየሰፈሩ አሉ። አንዱ ጋ ሹፌር ናቸው፣ ሌላው ጋ የቀድሞ የባንክ ሠራተኛ፣ ሌላው ጋ ደግሞ ነጠላቸውን ተከናንበው ጥግ የሚቀመጡ እማማ። እዚህ የሒሳብ መምህር ይሁኑ፤ ምክንያቱ ሐኪም ቤት ሲደረስ ይታያል።

እሳቸውን ለጠየቀ ሰው ችግሩ የጆሮ አይደለም። ችግሩ ዘንድሮ ሰው ሁሉ ማጉተምተም መጀመሩ ነው። ዜና አንባቢዋ ቃሉን ጀምራ ትውጠዋለች፤ ዜና አንባቢስ የድሮዎቹ ነበሩ! ምራታቸው የምታወራው ለራሷ ነው። የታክሲው ረዳት ድሮ «ፒያሳ» ሲል ፒያሳ ነበር፤ አሁን የሚለውን እሱና ፈጣሪው ያውቁታል። ልጆቻቸው «አባባ፣ ጆሮህን ታይ እንጂ» ሲሏቸው መልሳቸው አንድ ነው፤ «እሰማለሁ እኮ! ድምፃችሁ ይደርሰኛል፤ የምትሉት ነው የማይገባኝ።»

እዚህ ላይ መምህሩ እውነታቸውን ነው። ብዙ ሰው የመስማት ችግር ሲባል ዝምታ ይመስለዋል፤ የሬዲዮ ድምፅ እየቀነሰ እየቀነሰ የሚጠፋ ነገር። የአብዛኛው አዛውንት ችግር ግን ድምፁ መጥቶ ቃሉ አለመምጣቱ ነው።

ድምፅን ተቀብለው ለአንጎል የሚያቀብሉት በውስጠኛው ጆሮ፣ የቀንድ አውጣ ቅርጽ ባለው ጠመዝማዛ ቦይ ውስጥ የተደረደሩ ጥቃቅን ባለ ፀጉር ሕዋሳት ናቸው። በአንድ ጆሮ ውስጥ ያሉት 15,000 ገደማ ቢሆኑ ነው፤ ሰው ከማኅፀን ይዟቸው ይወጣል፣ ከሞቱ አይተኩም። ቀጭኑን ድምፅ የሚቀበሉት ከቦዩ መግቢያ አጠገብ፣ ወፍራሙን የሚቀበሉት ደግሞ ከመጨረሻው ጥግ ናቸው። ዕድሜም ሆነ ጩኸት ቀድሞ የሚያጠቃው መግቢያው አካባቢ ያሉትን ነው። ዶሮ ላይ ነገሩ ሌላ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ተመራማሪዎች እንዳረጋገጡት ዶሮ እነዚህን ሕዋሳት ብታጣ መልሳ ታበቅላቸዋለች። ለፋሲካ ድስት ውስጥ የምትገባዋ ዶሮ በጆሮ በኩል ከበዪዎቿ ሁሉ የተሻለች ፍጥረት ናት ማለት ነው።

ንግግር ውስጥ ጉልበት ያላቸው ወፍራሞቹ አናባቢዎች ናቸው፤ «አ» እና «ኦ» ከጓዳ እስከ ሳሎን ይደርሳሉ። ቃልን ከቃል የሚለዩት እነ «ሰ»፣ «ሸ»፣ «ፈ»፣ «ተ»፣ «ጨ» ግን ቀጭንም ደካማም ናቸው። እነሱ ከመንገድ ሲቀሩ አንጎል ያገኘውን ይዞ የቀረውን በግምት ይሞላዋል፤ የመምህሩ አንጎል ደግሞ ዕድሜ ልኩን ፈተና ሲያርም የኖረ ስለሆነ ባዶ ቦታ ማየት አይወድም። መብራት ጠፍቶ ባለቤታቸው «ሻማ አምጣ» ሲሏቸው በጨለማ እየዳበሱ ጫማ አመጡ። «ሰላጣ ገዝተህ ና» ሲባሉ ኪሳቸውን ፈትሸው ሰላሳ ብር ጠረጴዛው ላይ አኖሩና በዚህ ዘመን ሰላሳ ብር ምን እንደሚገዛ ጠየቁ። የዘመድ ሠርግ ረፍዶ «ቶሎ በል እንጂ!» ሲባሉ ደግሞ ተቆጡ፤ «ሠርግ እየተሄደ ምን ቆሎ ይበላል?»

የሻማው ነገር በጨለማ መድረሱ ያለምክንያት አይደለም። መምህሩ ሳያውቁት ለዓመታት ከንፈር ሲያነቡ ኖረዋል። መብራት ሲጠፋ ግማሽ ጆሯቸው አብሮ ይጠፋል። ከንፈር ንባብ ራሱ የተሟላ ጥበብ አይደለም፤ «መላ» እና «በላ» ከንፈር ላይ አንድ ናቸው፣ «ደ»፣ «ተ» እና «ነ» ደግሞ ምላስ ከጥርስ ጀርባ የምትሠራቸው ስለሆኑ ከውጭ አይለዩም። እ.ኤ.አ. በ2020 ሰው ሁሉ የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ ሲያደርግ በየአገሩ ብዙ ሰው የጆሮውን ድካም ያወቀው በዚያ ሰሞን ነው። ከንፈር ተሸፍኖ ጆሮ ብቻውን ሲቀር ሒሳቡ ታየ።

ከሁሉ የከፋ ጭቅጭቅ የሚያመጣው ግን የድምፅ ቅጥነት ነው። የሴትና የሕፃን ድምፅ ከወንድ ድምፅ ይልቅ ቀጭን ነው። የጓደኛውን ጎርናና ድምፅ ከመንገድ ማዶ የሚሰማ ሰው ሚስቱን ከጓዳ አይሰማም። ሚስት ይህን አይታ የምትሰጠው ፍርድ በየቤቱ አንድ ዓይነት ነው፤ «ሲፈልግማ ይሰማል! ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ነው።» ፍርዱ ሳይንስን የሚቃረን ነው። (እርግጥ ይህ ባልን ከሌላው ክስ ሁሉ ነፃ አያወጣውም።)

የሐበሻ ጨዋነት ደግሞ ጆሮው ለደከመ ሰው ሆን ተብሎ የተዘረጋ ወጥመድ ይመስላል። በሥርዓት ያደገ ልጅ በትልቅ ሰው ፊት ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ መሬት መሬት ያያል፤ ሲያፍር እጁን አፉ ላይ ያደርጋል። ልጅቷም ነጠላዋን አፏ ድረስ ትስበዋለች። አንዱ ድምፁን ይወስዳል፣ ሁለተኛው ፊቱን፣ ሦስተኛው ከንፈሩን። ቀና ብሎ፣ ዓይን ዓይን እያየ፣ አፉን ከፍቶ የሚጮኸው ባለጌ ግን ቁልጭ ብሎ ይሰማል። መምህሩ በቅርብ ዓመታት ሰፈሩ በአንድ ድምፅ ያዘነበትን ጎረምሳ ማመስገን ጀምረዋል። «እሱ ልጅ ቁም ነገረኛ ነው፤ ንግግሩ ጥርት ያለ!» የጎረምሳው እናት ይህን ሰምተው አለቀሱ አሉ፤ በሕይወቱ የተመሰገነው ያን ዕለት ብቻ ነው።

ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳብ ተደርጎ የሚባለው «አዎ» አለ። አዲስ የመጣ ፈረንጅ ሲሰማው ሰውየው የደነገጠ ይመስለዋል። ድምፅ የሌለው፣ ቃል የሌለው፣ ትንፋሽ ብቻ የሆነ መስማማት ነው፤ ለደከመ ጆሮ ከዚህ የባሰ ነገር የለም። መምህሩ «ልጁ መጣ?» ይላሉ። ባለቤታቸው ትንፋሻቸውን ሳብ ያደርጋሉ። መምህሩ ይጠብቃሉ። «መጣ ወይ?» ሳብ። «አንቺ ሴትዮ፣ ሰው ሲጠይቅሽ አትመልሺም?» ባለቤትየው ሁለት ጊዜ መልሰዋል፤ ሦስተኛው መልስ ጎረቤት የሚሰማው ይሆናል።

ይኸው ባህል መሸሸጊያም ይሰጣል፤ ነገሩን ለዓመታት ተደብቆ እንዲቆይ የሚያደርገውም ይህ ነው። ሰላምታው ረጅምና የታወቀ ነው። እንደምን አደሩ፣ ቤተሰብ ደህና፣ ልጆች ደህና፣ ሥራ ደህና፤ መልሱ ሁሉ «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። ምንም ሳይሰሙ አምስት ደቂቃ ሙሉ ሰላም መባባል ይቻላል፣ አንድም ሳይሳሳቱ። ለቅሶ ቤት ዝም ማለት ያስከብራል። ቅዳሴውን በቃል ያውቁታል። ምርቃት ላይ የሚፈለገው «አሜን» ብቻ ነው፤ መቼ እንደሚባል ደግሞ ከጎን ያለው ሰው ከንፈር ይነግራል። ችግር የሚመጣው ሰው አዲስ ነገር ሲናገር ነው፤ ደግነቱ ይህ የሚያጋጥመው እንደሚታሰበው ቶሎ ቶሎ አይደለም።

ዕድር ላይ ግን ያጋጥማል። ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ባዶ ግድግዳ፣ አንድ ላይ የሚናገሩ ሃያ ሰዎች። መምህሩ እንደ ወትሮው ፈገግ ብለው፣ ሌላው ሲስቅ ትንሽ ዘግየት ብለው እየሳቁ፣ ሌላው ሲያዝን ከንፈር እየመጠጡ ተቀምጠው ሳለ ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ተጨበጨበ። እሳቸውም አጨበጨቡ። የዕድሩ ገንዘብ ያዥ ሆነው መመረጣቸውን የሰሙት ቤታቸው ገብተው ከባለቤታቸው ነው፤ ሁለት ጊዜ ተነግሯቸው።

ጆሮው የደከመ ሰው ሳያስበው ተዋናይ ይሆናል። ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ይቀመጣል። «እህ» እና «እንዴ!» የሚሉትን ለየትኛውም ወሬ የሚሆኑ ቃላት ያበዛል። ጨዋታውንም ራሱ ይይዘዋል፤ ሰውየው ስለ ጃንሆይ ዘመን ትምህርት ቤት አንድ ሰዓት ሙሉ የሚያወራው ወሬ ወዳድ ስለሆነ ላይሆን ይችላል፤ እሱ እስካወራ ድረስ ሌላውን መስማት አይጠበቅበትም። ይህ ሁሉ ያደክማል። ማታ ከሠርግ የገቡት መምህር ምንም ሳይደንሱ ወገባቸው እስኪጎብጥ የደከማቸው ቀኑን ሙሉ ቃል ሲገምቱ ስለዋሉ ነው። «ደንቆሮ» የሚለው ስድብ ጆሮንም አእምሮንም በአንድ ላይ በሚመታበት አገር ሰው ኩሩ ወይም ዝምተኛ መባልን ቢመርጥ አይገርምም።

በማስመሰል ሐበሻን ብቻ ማማት ግን ደግ አይደለም። ቤትሆቨን እ.ኤ.አ. በ1801 ለሐኪም ወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ ለሁለት ዓመት ያህል ከሰው ስብስብ ሲሸሽ እንደቆየ ገልጿል፤ «አልሰማም» ብሎ መናገር ስላልቻለ። ያኔ ገና በሠላሳ ዓመቱ ነበር። የፖርቱጋሉ ንጉሥ ዦአዎ ስድስተኛ ደግሞ የተሻለ ዘዴ አገኘ። እ.ኤ.አ. በ1819 ሬይን የተባለ የለንደን ባለሙያ ዙፋን ሠራለት፤ የዙፋኑ ክንዶች ጫፍ አፋቸውን የከፈቱ የአንበሳ ራሶች ናቸው። ባለጉዳይ ተንበርክኮ ወደ አንበሳው አፍ ይናገራል፣ ድምፁ በዙፋኑ ውስጥ በተሰወረ ቱቦ ወደ ንጉሡ ጆሮ ይወጣል። ከዚያ ወዲህ የተሠራ የትኛውም መሣሪያ ይህን ያህል ለክብር አልተጨነቀም፤ መስማት ያቃተው ንጉሡ ሆኖ ሳለ የሚንበረከከው ባለጉዳዩ ነው። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገን ደግሞ ተዋናይ ሳሉ ጆሯቸው አጠገብ በተተኮሰ ሽጉጥ መስማታቸው ተጎድቶ፣ የመስሚያ መሣሪያ በአደባባይ ያደረጉት እ.ኤ.አ. በ1983 ነው፤ አርባ ዓመት ከሚበልጥ ቆይታ በኋላ። በዚህ ሚዛን የእኛ መምህር ፈጣን ናቸው።

ሐኪም ቤት ከመሄድ በፊት የቤት ሕክምና ይቀድማል። ነጭ ሽንኩርት የተጠበሰበት ለብ ያለ ዘይት፣ ጤና አዳም፣ የክብሪት እንጨት፣ የብዕር ክዳን፣ የቁልፍ ጫፍ። ሁሉም ጆሮ ውስጥ ገብተዋል፤ አንዳንዶቹ ሳይወጡ የቀሩበት ጊዜም አለ። የዕድለኛ ሰው ችግር በእርግጥ ኩክ ብቻ ሆኖ ይገኛል፤ ሐኪሙ ያጥብለታል፣ ሰውየው ተፈውሶ ይወጣል፣ ይህንንም ለሰፈሩ ያወራል፣ ከዚያ በኋላ ሰፈርተኛው ሁሉ ችግሩ ኩክ ነው ብሎ ክብሪቱን ያነሳል። ሌላው ምክንያት ግን በክብሪት አይወጣም። በልጅነት ያልታከመ የጆሮ መግል፣ ማጅራት ገትር፣ ጆሮ ደግፍ፣ ለሳንባ ነቀርሳ ይወጋ የነበረው ስትሬፕቶማይሲን ሁሉም መስማትን ይጎዳሉ። ጩኸትም አለ። የሙያ ደኅንነት ባለሙያዎች 85 ዴሲቤል የሆነ ድምፅ በቀን ለስምንት ሰዓት ይፈቅዳሉ፤ በየሦስት ዴሲቤሉ ጭማሪ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ 100 ላይ ሲደርስ የሚፈቀደው ሩብ ሰዓት ብቻ ነው። መርካቶ ምናለሽ ተራ በርሜል ሲቀጠቀጥ ቆሞ ያየ ሰው እነዚያ ወጣቶች የዕለቱን ድርሻቸውን ከቁርስ በፊት እንደሚጨርሱት ይገባዋል። ጥጥ እንኳ ጆሯቸው ውስጥ የለም።

መምህሩን ሐኪም ቤት የወሰዳቸው ምክር ሳይሆን የዕድሩ ሒሳብ ነው። ገንዘብ ያዥ «ሰባት መቶ» እና «ዘጠኝ መቶ»ን ማደባለቅ ሲጀምር ነገሩ የቤተሰብ ጉዳይ መሆኑ ይቀራል።

ምርመራው ድምፅ በማያስገባ ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ማዳመጫ ጆሮ ላይ ይደረጋል፣ ቁልፍ እጅ ላይ ይሰጣል፤ ድምፅ ሲሰማ ቁልፉን መጫን ነው። መምህሩ ፈተና መውደቅ ስለማይወዱ ያልሰሙትንም ይጫኑ ጀመር። ባለሙያዋ ድምፁን አቋረጠች፤ መምህሩ ዝምታውንም ተጫኑት። «አባባ፣ እዚህ መልስ መገመት አይፈቀድም» አለቻቸው፣ ጮክ ብላ። ለተማሪዎቻቸው አርባ ዓመት ያህል ሲሉት የኖሩትን ነበር።

ውጤቱ ግራፍ ነው። የቀኝ ጆሮ በቀይ ክብ፣ የግራ ጆሮ በሰማያዊ ኤክስ ምልክት ይደረጋል፤ ከግራ ወደ ቀኝ ድምፁ ከወፍራም ወደ ቀጭን፣ ከ250 እስከ 8,000 ኸርዝ ይሄዳል። መምህሩ ወረቀቱን ተቀበሉና መነጽራቸውን አደረጉ። ስለ ጆሯቸው አንድም ቃል አልተናገሩም። «ይህ ግራፍ ተገልብጧል» አሉ። ዜሮው ከላይ ነው፣ ቁጥሩ ወደ ታች ይጨምራል፤ ወደ ጎን ያለው ደግሞ እኩል አይራመድም፣ በየደረጃው እጥፍ ይሆናል። ባለሙያዋ ሁልጊዜም እንደዚህ ነው የሚሣለው አለች። «ስለዚህ ተሳስቶ ነው የሚሣለው» አሉ። ከዚያ ግን ዝም ብለው መስመሩን በጣታቸው ተከተሉት። ከ1,000 ኸርዝ በኋላ ወደ ታች ይወርዳል፤ አወራረዱም ለማንም መምህር ግልጽ ነው። ልጃቸው ለዓመታት ለምናቸው ያልተቀበሉትን አንድ የተገለበጠ ግራፍ አሳመናቸው።

የመስሚያ መሣሪያው ሜሪላንድ ካለችው ልጃቸው መጣ፤ በሰው ሻንጣ። ልጅቷ አሜሪካ ውስጥም ነገሩ ቀላል እንዳልሆነ ታውቃለች፤ የመንግሥት የአዛውንቶች መድን የሆነው መደበኛው ሜዲኬር የመስሚያ መሣሪያ አይሸፍንም፣ እንግሊዝ ግን እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ በነፃ ታድላለች። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2022 ወዲህ አሜሪካ መለስተኛና መካከለኛ ችግር ላለባቸው አዋቂዎች ያለ ሐኪም ትእዛዝ በሱቅ እንዲሸጥ ፈቅዳለች፤ ከዚያ ወዲህ በዋጋ በኩል ሰፋ ያለ ምርጫ ተገኘ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ 1.5 ቢሊዮን ሰው በተወሰነ ደረጃ የመስማት ችግር አለበት፤ መሣሪያ ሊጠቅማቸው ከሚችሉት ውስጥ የሚጠቀሙት 17 በመቶ ብቻ ናቸው። የቀሩት ዋጋው ከብዷቸው፣ ባለሙያ ርቋቸው፣ ወይም ሰው እያጉተመተመ ነው ብለው የተቀመጡ ናቸው።

በሻንጣ የመጣ መሣሪያ ጆሮ ላይ ስለተሰካ ብቻ አይሠራም። በዚያ በተገለበጠው ግራፍ ልክ፣ የቱ ድምፅ ምን ያህል ከፍ እንደሚል፣ በኮምፒውተር ይስተካከላል። ከሞተ ዘመድ የተወረሰ ማዳመጫ ብዙ ጊዜ ጩኸት ብቻ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ የተቃኘው ለሟቹ ነው።

የመጀመሪያው ቀን አስፈሪ ነው። መነጽር ያደረጉ ዕለት ይነበብበታል፤ ይህ ግን እንደዚያ አይደለም። ለዓመታት ቀጭን ድምፅ ያልደረሰው አንጎል ሁሉንም በአንድ ቀን ሲያገኝ የትኛው ቁም ነገር፣ የትኛው ግርግር እንደሆነ አያውቅም። መምህሩ ቤት እንደገቡ ማቀዝቀዣው ሲያጓራ ሰሙ። የራሳቸው ነጠላ ጫማ ተከተላቸው። ጋዜጣ ሲገልጡ ደነገጡ። የራሳቸው ድምፅ በርሜል ውስጥ ሆኖ የሚያወራ የሌላ ሰው ድምፅ ሆነባቸው። ቡና ቀርቦ ስኒዎቹ ረከቦቱ ላይ ሲንቃጨሉ «ይህ ቤት ሁልጊዜ እንዲህ ይጮኻል?» ብለው ጠየቁ። ቆሎማ አይነሳ፤ አንድ ጭብጥ ቆሎ አኝከው ንግግሩን በሙሉ አቋረጡ። ብዙ መሣሪያ በመጀመሪያው ሳምንት መሳቢያ ውስጥ የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው። ባለሙያዎች በቀን ጥቂት ሰዓት ጀምሮ ቀስ እያሉ መጨመርን ይመክራሉ፤ አንጎል ለመልመድ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈልጋል።

ፋብሪካው ያላሰባቸው የሐበሻ ችግሮችም አሉ። መሣሪያው የሆነ ነገር ሲጠጋው ድምፁ ወደ ራሱ ይመለስና ያፏጫል። ሐበሻ ደግሞ ሰላም የሚባባለው ጉንጭ ለጉንጭ ነው። በአንድ ጉንጭ ፉጨት፣ በሌላው ፉጨት፣ መልሶ በመጀመሪያው ፉጨት። ዘመድ ሁሉ ተሳስሞ ሲጨርስ መምህሩ የትራፊክ ፖሊስ መስለዋል። ጋቢ ተከናንበው ሲቀመጡ ደግሞ የጥጡ ፍትግታ ነጎድጓድ ይሆናል። ባትሪውም የራሱ ዓለም አለው። ከጀርባው የተለጠፈችው ልጣፍ ስትነሳ አየር ይገባውና ሥራ ይጀምራል፤ መልሶ መለጠፍ አያስቆመውም። የእሳቸው 312 ቁጥር፣ ቡናማ ልጣፍ ያለው፣ ከሳምንት ብዙም አይዘልም። የልጅ ልጃቸው ልጣፉ ስላማረው የሦስት ወር ባትሪ በአንድ ከሰዓት ገሽልጦ ደብተሩ ላይ ለጠፈው።

ሐምሌ ሲመጣ ትንሽ እረፍት ተገኘ። የዕድሩ አዳራሽ ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ሲወርድ ሰው ሁሉ «ምን አልክ?» ይባባላል። ያን ጊዜ አዳራሹ ውስጥ ልምድ ያላቸው መምህሩ ብቻ ናቸው።

ጥቅሙ የታየው ቀስ በቀስ ነው። ቡናው ብረት ምጣድ ላይ ሲንጣጣ፣ የልጅ ልጅ በሹክሹክታ የምትነግረው ምሥጢር፣ የዜና አንባቢዋ ቃል፤ ልጅቷ ለካ አትውጥም ነበር። ያ ወደ ውስጥ የሚሳበው «አዎ» እንኳ ደረሳቸው። ቤተሰቡ ግን አንድ ነገር ዘንግቷል። ለዓመታት እሳቸው ፊት የእሳቸውን ነገር በልበ ሙሉነት ማውራት ተለምዷል፤ ውርሱ፣ አሮጌው መኪና መሸጥ አለበት የለበትም፣ «ሰውዬው ግትር ነው»። መምህሩ ሁለት ቀን ዝም ብለው አዳመጡ። በሦስተኛው ቀን «መኪናው አይሸጥም» አሉ፤ ቤቱ ጸጥ አለ።

መሣሪያው ለአእምሮም ይረዳል እየተባለ ይወራል። የተመራማሪዎቹ መልስ ጠንቃቃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ውጤቱ የታተመ፣ ከ70 እስከ 84 ዓመት የሆናቸውን ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ አሜሪካውያን ለሦስት ዓመት የተከታተለ ጥናት ተሳታፊዎቹ ሁሉ አንድ ላይ ሲታዩ ልዩነት አላገኘም፤ ቀድሞም ለመርሳት በሽታ ይበልጥ ተጋላጭ የነበሩት ላይ ግን የማሰብ ችሎታ መዳከሙ በ48 በመቶ ዘግይቷል። መምህሩ ይህን ሲሰሙ የሒሳብ መምህር ነገር፣ «48 በመቶ የምኑ?» ብለው ጠየቁ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ጋዜጠኛ ሁሉ ቢጠይቀው ጥሩ ነበር።

በአንድ እሑድ ከሰዓት የዕድር ጓደኛቸው፣ በወጣትነታቸው መድፈኛ የነበሩ ሻምበል፣ ቡና ሊጠጡ መጡ። መሣሪያውን አገላብጠው አዩት።

«እስቲ ልሞክረው» አሉ።

«አይሆንም ሻምበል፣ የተቃኘው በእኔ ግራፍ ነው።»

«ምን?»

«በእኔ ግራፍ!»

ሻምበሉ ጆሯቸው ውስጥ ወተፉት። አፏጨ። አውጥተው መለሱት። «ጥሩ ዕቃ ነው» አሉ። «የሐኪሙን ስልክ ስጠኝ። ለእኔ እንዳይመስልህ፤ እኔ ደህና እሰማለሁ። ለወንድሜ ነው፤ እሱ ሰውዬ ነገር አይገባውም።»

መምህሩ ቁጥሩን ሦስት ጊዜ ነገሯቸው። በአራተኛው ወረቀት ላይ ጻፉላቸው።